በዘይት መጉመጥመጥ፦ የሰሊጥ ይሻላል ወይስ የኮኮናት?

አዩርቬዳ በሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና አፍንና ጥርስን ለማጽዳት ተብሎ ጠዋት በባዶ ሆድ በዘይት መጉመጥመጥ የቆየ ልማድ ነው። ሁለት መልክ አለው፤ ‹‹ጋንዱሻ›› አፍን ጢም አድርጎ ሞልቶ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ሲሆን፣ ‹‹ካቫላ›› ደግሞ አነስ ባለ ዘይት ወዲያ ወዲህ እያሉ መጉመጥመጥ ነው። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው፦ አንድ ማንኪያ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ።

ከጥንት ጀምሮ የታወቀው የሰሊጥ ዘይት ነው። የደቡብ ህንዶቹ ታሚሎች ስሙን ራሱ ‹‹ጥሩ ዘይት›› ይሉታል። በብርድ አይረጋም፤ ሽታው ግን ለጀማሪ ይከብዳል።

የኮኮናት ዘይት ለአፍ ይቀላል። ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ በላብራቶሪ ባክቴሪያን ሲያዳክም ታይቷል። ችግሩ ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች መርጋቱ ነው። በአዲስ አበባ ጠዋት ከጠርሙሱ በማንኪያ ተፍቆ የሚወጣው እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይቀልጣል፤ የተተፋው ግን የማጠቢያ ቱቦ ውስጥ ተመልሶ ይረጋና ይዘጋል። ስለዚህ በሶፍት ተቀብሎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው።

እኔ ሰሊጡን እመርጣለሁ፤ ሽታው በሳምንት ይለመዳል። ያም ሆኖ አንዳቸውም ብሩሽና የፍሎራይድ ሳሙናን አይተኩም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ልማዱን አይመክርም። የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ዘይቱ አይደፍነውም። ለሕፃናት ፈጽሞ አይስጡ፤ ትን ብሎ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል።