የሸክላ ውሃ ማጣሪያው ጥሩ ነው፣ ሻጩ ግን ዋሽቶኛል

ባለ ሁለት ባልዲውን የሸክላ ማጣሪያ አራዳ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ስድስት ወር ተጠቀምኩበት። ክረምት ላይ የቧንቧው ውሃ ጠላ መስሎ ሲመጣ ጥርት አድርጎ ያወርደዋል፣ አብዛኛውን ባክቴሪያም ያስቀራል። ቀርፋፋነቱ ግን ያናድዳል፤ እንግዳ ከመጣ ጉድ ፈላ!

የከፋኝ ሻጩ ነው። «እትዬ፣ ይሄ የማያጣራው ነገር የለም» አለኝ። ውሸት! ውሃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል በሸክላው ውስጥ አልፎ ይወርዳል። አሜሪካ ካምፕ ለዡን በሚባል የጦር ሰፈር ከ1953 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የማሽንና የልብስ ማጽጃ ኬሚካል የገባበትን የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል፣ ብዙዎችም በካንሰር ታመዋል፤ ውሃው ግን ሲያዩት ንጹህ ነበር። በአንዳንድ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ውስጥ ያለው ፒፋስ (PFAS) የሚባለው ኬሚካልማ ጭራሽ በማፍላትም አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ የከሰል ማጣሪያ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው የሚሻለው፣ የከሰሉንም በየጊዜው መቀየር የግድ ነው። እህቴ ጋራዥ አጠገብ የጉድጓድ ውሃ ነው የምትጠጣው። «ልግዛ ወይ?» ስትለኝ «መጀመሪያ ውሃውን አስመርምሪ» አልኳት። ለጭቃ ከሆነ ግን ግዙት፣ ሻማውን (ውስጡ ያለውን የሸክላ ማጣሪያ) በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እጠቡ፤ የእኔ በሽቦ ተፈትጎ ተሰንጥቋል።