ማረሻው ጥርት ብሎ እንዲታይ የምትፈልጉ ወደዚህ ሂዱ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ጠባብ የማተሚያና የፍሬም ቤት አለች። ሁለት የድሮ የአውሮፓ ሥዕሎች አሳትሜባታለሁ። ሥራቸው አንጀቴን አርሶታል።

ያደግኩት በበሬ በሚታረስበት ቤት ነው። ልጆቼ ግን ሞፈርና ቀንበር አይለዩም። ስለዚህ ዋናው ጉዳዬ የእርሻ ዕቃው ነበር፤ እሱ ከደበዘዘ ሥዕሉ ምን ያደርግልኛል?

አንደኛው የሊምቡርግ ወንድማማቾች የሚባሉ ሠዓሊዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1412 እስከ 1416 ገደማ ለፈረንሳዩ የቤሪ መስፍን ከሠሩት የጸሎት መጽሐፍ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ የማርች ወር ገጽ ነው። ሽማግሌው በግራ እጁ እርፉን ጨብጧል፣ በቀኙ በሬ መንጃ ዘንግ ይዟል። ማረሻው ግን እንደኛ አይደለም። መንኮራኩር አለው፣ አፈሩንም ይገለብጠዋል። የኛ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ ደጋግመን የምናርሰውም ለዚሁ ነው። ዋናው ገጽ 29 በ21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በእጥፍ አሳደጉልኝ። ሸራ ላይ ይሁን ስል የሚያትመው ልጅ እንቢ አለ። «ክሩ ቀጭኗን መስመር ይበላታል፤ የማያብረቀርቅ ወረቀት ይሻልሻል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከጀርባ ካለው ግንብ ማማ በላይ የምትበረው ሚጢጢዬ ዘንዶ እንኳ ክንፏ ይታያል።

ሁለተኛው የሠዓሊው ብሩግል የ1565ቱ «አጫጆች» ነው። ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ምስሉን በነፃ ያስወርዳል። ሰዎቹ ቆመው በረጅም እጀታ ማጭድ ያጭዳሉ፤ እንደኛ ጎንበስ ብለው አይደለም። ወገብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው! የመጀመሪያው ኅትመት ስንዴውን ብርቱካን አስመሰለው። ሳልከራከር በራሳቸው ወጪ ደግመው አተሙት።

ቅር ያለኝ መስታወቱ ነው፤ ያንጸባርቃል። የማያንጸባርቅ አልነበራቸውም። መስኮት ፊት ለፊት የምትሰቅሉ ከሆነ አስቡበት።

ፋይሉን በፍላሽ ውሰዱ። በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። እኔ ቀጥሎ ከዚያው የጸሎት መጽሐፍ የኦክቶበሩን ገጽ ልወስድላቸው ነው። እዚያ ላይ ፈረሱ የሚጎትተው ጥርሳም መከስከሻ እንዲከብድ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ጥርሶቹ አንድ በአንድ እንዲወጡልኝ እፈልጋለሁ።