ልጄ የተማረችበት መኺና፤ በእናት ዓይን

ልጄ ሠራዊቱን ጨርሳ አንድ ዓመት ሱቅ ውስጥ ከሠራች በኋላ «እማዬ፣ ነርስነት መማር እፈልጋለሁ» ስትለኝ ደስታውም ጭንቀቱም እኩል መጣብኝ። የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሒሳቧ ባለ 3 የሂዶት፣ ማለት ዝቅተኛው ደረጃ፣ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሆነውን ፕሲኮሜትሪም አልተፈተነችም። ስለዚህ መኺና፣ ማለት ከኮሌጅ በፊት የሚወሰደው የዝግጅት ትምህርት፣ ግድ ሆነ። ሃይፋ አጠገብ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ገብታ ዘንድሮ ጨረሰች። በጽሕፈት ቤቱ ላይ ቅሬታ ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ግን ከኪርያት ያም እስከ ሃይፋ ያላችሁ ወላጆች ለልጆቻችሁ መኺና ስትመርጡ ይጠቅማችኋልና ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣሁ ነኝ። 12 ዓመት በትምህርት ቤቶች ሜጋሼሬት ሆኜ ሠርቻለሁ። በመምህራንና በእኛ ወላጆች መካከል ቆሜ የአንዱን ለሌላው ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ነው።

ክፍሉ 28 ተማሪዎች ነበሩት፤ 15 አይሁድ፣ 13 ዓረቦች። ከ13ቱ ዓረቦች 9ኙ ሴቶች ናቸው። ዓረቦቹ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጡ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ሲሆኑ የእኛዎቹ ከሠራዊት የተመለሱ የ21፣ የ22 ዓመት ሰዎች ናቸው። ይህ የሦስት ዓመት ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ። አንዷ ሁለት ዓመት ትእዛዝ ስትቀበልና ስትሰጥ ቆይታለች፤ ሌላዋ ትናንት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያወለቀች ነች። አብዛኞቹ ደግሞ ከዚያኛው ወገን ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። በዚህ አገር የዕብራይስጡ ትምህርት ቤት ለብቻው፣ የዓረብኛው ለብቻው ነው። ከ1998 ጀምሮ የተከፈቱት የ«ያድ በያድ» ዓይነት ሁለቱን ቋንቋ አብረው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። ልጄ 12 ዓመት ተምራ፣ አንድ የዓረብ ልጅ ደብተር ጎኗ ተከፍቶ ያየችው በ22 ዓመቷ ነው።

ወላጅ ገብቶ ትምህርት የሚያይበት ቀን ነበርና ሄድኩ። የሒሳብ መምህሯ ከዓረብ ከተማዋ ከሳኽኒን ናት፤ የምታስተምረው በዕብራይስጥ ነው። ልጄ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስታማርር ነበር፦ መምህሯ ጥያቄውን ሳትጨርስ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች መልሱን ይጮኹታል፣ የዓረቦቹ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ፣ እሷም አብራ ዝም። እኔ በገባሁበት ቀን ግን መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር የምታህል ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አድላ ነበር። «አፍ ዝም፣ እጅ ይጻፍ» አለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ 100 ሼክል የነበረ ዕቃ ዋጋው በ20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በ20 በመቶ ቀነሰ፤ አሁን ስንት ነው? ከኋላ አንዱ ልማድ አሸንፎት «ያው መቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። እሷ ወደ እሱ ዞር እንኳ ሳትል በጣቷ እየቆጠረች ጠበቀች። «አንሡ» ስትል ሰሌዳዎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ግማሹ 100። 96 ብለው ከጻፉት ውስጥ ከፊት የተቀመጡት የዓረብ ልጆች ይበዙ ነበር፤ ከኋላም ሁለት ወንዶች ነበሩ። የእኔዋን አየኋት። መጀመሪያ 96 ጻፈች፣ ጩኸቱን ስትሰማ በእጅጌዋ ጠርጋ 100 አደረገችው፣ ሊነሣ ሲል እንደገና ጠርጋ 96 ብላ አነሣች። እጅጌዋ በቀለም ጠቁሮ ነበር። ያቺን አንዲት ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም። ልጄ እያወቀች የምትተወው መልስ በየዓመቱ ስንት ኖሯል?

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገር፣ ከአስተማሪ አፍ ቀድሞ መመለስ ነውር ነው። ልጆቻችን ይህን ጨዋነት ይዘው ትምህርት ቤት ሲገቡ «ደካማ ናቸው» ሲባሉ በጆሮዬ ሰምቼ ስንት ቀን ተከራክሬያለሁ። ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ መምህር «ለአንቺ 3 የሂዶት ይበቃሻል» ብሏት ነው እዚህ የደረሰችው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ከፊት ያሉትን ሂጃብ የለበሱ ልጆች ሳይ የማውቀውን ዝምታ አየሁ።

ዝምታው ግን ሁሉም ከባህል አይደለም። ከሌላዋ የዓረብ ከተማ ከሸፋ ዓምር የምትመጣ አንዲት ልጅ በዕረፍት ሰዓት ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። በዓረብኛ ቁጥር ሲጠራ የአንድ ቤት ቁጥሩ ይቀድማል፤ 47 «ሰባትና አርባ» ነው። በዕብራይስጥ እንደ እኛው አርባው ይቀድማል። ስለዚህ መምህር በቃል ሲናገር እሷ ፈጥና ስትጽፍ 74 ይወጣል። ሒሳቡን ታውቀዋለች፤ ቁጥሩን ገልብጣ ስለጻፈች ብቻ ትወድቃለች። የሳኽኒኗ መምህርት ቁጥር በቃል ብቻ አትናገርም፣ ሁሌም ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች። ሌሎቹ መምህራን ይህን አያደርጉም። ለሒሳብ ክፍሉ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሴቶቹ ብዛት ልጄ ስትጠይቀኝ የማውቀውን ነገርኳት። እንደ ፒሳ (PISA) ባሉት ዓለም አቀፍ ፈተናዎች የእስራኤል ዓረብ ሴት ልጆች በሒሳብ ጭምር ወንዶቻቸውን ይበልጣሉ፤ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤቶች ግን በሒሳብ ወንዶቹ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይላሉ። ከዓረብ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሴቶች ናቸው። ለአንዲት የመንደር ልጅ መምህርነት፣ ነርስነት፣ ፋርማሲ ከቤት ወደ ሥራ የሚያወጣት የተከበረ መንገድ ነው። ወንዱ ቶሎ ወደ ሥራ ይገባል፤ ከሚማሩትም በዌስት ባንክ ወዳለችው ጄኒን ወይም ወደ ዮርዳኖስ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ግን ሴቶቹ ይቀድማሉ ማለት ሜዳው ተስተካክሏል ማለት አይደለም። በ2018 ፒሳ በንባብ የዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ አማካይ 506፣ የዓረብኛ ተናጋሪዎቹ 362 ነበር። ቤት የሚነገረው ዓረብኛና መጽሐፍ ላይ ያለው ዓረብኛ ሁለት ቋንቋ ያህል ይራራቃሉ፤ ለዓመታት የተመደበው በጀትም እኩል አልነበረም። እነዚህ ልጆች መኺና ሲገቡ ሦስተኛ ቋንቋ ተጨምሮባቸው ነው የሚገቡት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ትግቡሩ፣ ማለት ማጠናከሪያው፣ ከ18:00 እስከ 20:00 ነበር። የዓረቦቹ ሴቶች አንድም ቀን ቆይተው አይማሩም። ልጄ መጀመሪያ «ግድ የላቸውም» ስትል ተቆጣኋት፣ «ጠይቂያቸው» አልኳት። ጠየቀች። ማታ ወደ መንደሩ የሚሄደው አውቶቡስ እየራቀ ነው የሚመጣው፣ ሴት ልጅ ጨለማ ውስጥ ማቆሚያ ላይ ስትጠብቅ ማየት ደግሞ አባቶቹ አይፈልጉም። እኔስ ብሆን? ሦስት ሆነው፣ ሁለት ዓረብና ልጄ፣ ለአስተባባሪው ደብዳቤ ጻፉ። ሰዓቱ ወደ ቀትር የተዛወረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ስድስት ሳምንት ለመኺና ተማሪ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የፈተና ቀን ነው። አንዱ ፈተና የዒድ አልፊጥር ዕለት ላይ ወደቀ። ጽሕፈት ቤቱ «ሰሌዳው ከወጣ ቆይቷል» ብሎ መለሰ። የቤተ እስራኤል በዓል በሆነው በእኛም ሲግድ ላይ እንዲሁ አድርገው ነበር፤ ሲግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል መሆኑን እኔ ራሴ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። የዒዱን ፈተና ያዛወረችው መጨረሻ ላይ የሒሳብ መምህሯ ናት፣ በራሷ ኃላፊነት።

ከአራቱ የዓረብ ወንዶች አንዱ መሀል ላይ ትቶ ከአባቱ ጋር ጋራዥ መሥራት ጀመረ። ልጄ እንደምትለው ጎበዝ ነበር። ከመኺናው ማንም አልደወለለትም። ለሴቶቹ የተደረገው ክትትል ለእሱ አልተደረገም፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ክፍያውን በተመለከተ ልጄ ከሠራዊት ስትሰናበት ባገኘችው ፒካዶን (ተቀማጭ ገንዘብ) ከፍላለች፣ ሚልጋም፣ ማለት የትምህርት ድጎማ፣ አግኝታለች። ዓረቦቹ ይህ ገንዘብ የላቸውም፤ አብዛኞቹን የከፈለላቸው አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ስለ ጦርነቱ ክፍል ውስጥ አይወራም ነበር። ሁለቱም ወገን ሬዲዮ እየሰማ ይመጣል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ እኩልታ ይፈታል። መምህራኑም አላስገደዷቸውም፤ ጥሩ አደረጉ እላለሁ።

ልጄ ሒሳብን በ88 ጨርሳለች። ለነርስነት ቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ የሸፋ ዓምሯም ተጠርታለች፣ በአንድ ቀን። ለትምህርቱ ከአምስት አምስት፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት እሰጣለሁ። ለመመዝገብ ስትሄዱ በስልክ አትድከሙ፣ አያነሡም፤ ጠዋት በአካል ሂዱና ከክፍያው በፊት የትግቡሩን ሰዓት በጽሑፍ ይስጧችሁ።