የሒሳብ ማስታወሻ ደብተር ወይስ ብጣሽ ወረቀት?

ተማሪዎች መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሱበት እንዲጽፉ ለብቻው የተያዘ ደብተር ይሻላል ወይስ በክፍለ ጊዜው ማብቂያ የሚሰበሰብ ብጣሽ ወረቀት?

ወጪ፦ ደብተር ለእያንዳንዱ ልጅ ይገዛል። ወረቀቱ ግን አንዱ ሉክ ለአራት ይቀደዳል፤ ለ60 ተማሪ 15 ሉክ ይበቃል።

እርማት፦ 60 ደብተር በአንድ ቀን ማንበብ የማይታሰብ ነው፤ በቀን 12 ከተወሰደ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ብጣሹ በሦስት ክምር ይለያል፦ የገባው፣ የተምታታበት፣ ባዶ የሰጠ።

ጥያቄው፦ ከምርጫው ይልቅ ዋናው ይኸው ነው። «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል ልጁ «ቀንሼ» ብሎ ይገላገላል። «52 − 27 = 35 ያለ ልጅ የት ላይ ተሳሳተ?» ቢባል ግን «ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ» የሚል ይገኛል። ደብተር ላይ ከሰፈረ፣ ከወር በኋላ ያው ስህተት ሲደገም ገልጦ ማሳየት ይቻላል። ብጣሹ እስከዚያ የት እንደገባ እንጃ።

ስጋት፦ ደብተሩ ቀስ በቀስ የሰሌዳ መገልበጫ ይሆናል፤ ወረቀቱ ስም ሳይጻፍበት ይመጣል።

ነገ ምን ልድገም ለሚል መምህር ብጣሹ፣ የልጁን ለውጥ በመንፈቅ ዓመቱ ለሚከታተል ደብተሩ ይስማማል። መጻፍ ገና ለሚከብዳቸው የ1ኛ ክፍል ልጆች ሥዕልና ሁለት ቃል ይበቃል፤ ለዚያ መስመር የሌለው ወረቀት ይመቻል።