ምሰሶ አንስቶ ብረት ማስገባት፦ ጠባቡ ከነማሰሪያው ወይስ ሰፊው?

አንድ ጂ+1 ቪላ ካፌ ሊሆን ነው እንበል። ሳሎኑ መሃል ላይ ምሰሶ አለ፤ ባለቤቱ ይነሳልኝ ይላል። ከላይ ያለውን ጭነት ወደ ግራና ቀኝ የሚያሻግር የብረት ቢም ይገባል። ሁሉም «ስንት ቶን ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። «ወደ ጎን ምን ይይዘዋል?» የሚል ግን ብዙም አይሰማም። ፕላስቲክ ማስመሪያን በጠርዙ አቁማችሁ ተጫኑት። ከመሰበሩ በፊት ወደ ጎን ይጠማዘዛል። ጠባብ ቢምም እንደዚያው ነው።

ሁለት ብረት እናወዳድር። ጠባቡ አይፒኢ 400 (ክንፉ ጠባብ የሆነ የአይ ቅርጽ ብረት) በሜትር 66.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰፊው ኤችኢኤ 300 (ክንፉ ሰፊ የሆነው) ደግሞ 88.3። ክንፍ የምንለው የቢሙን የላይና የታች አግድም ጠፍጣፋ ክፍል ነው። በ6 ሜትር ልዩነቱ 132 ኪሎ ነው፤ ብረት ስትገዙ ይህ ቀላል አይደለም። ወደ ታች የመሸከም አቅማቸው ይቀራረባል። ወደ ጎን ግን ኤችኢኤው አምስት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። ቁመቱም 29 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የሌላኛው 40። ኮርኒሱ ዝቅ ላለ ቤት 11 ሳንቲም ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ አይፒኢው አይረባም ማለት ነው? አይደለም። የጎን ማሰሪያ ካገኘ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው። ማሰሪያው ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። የአሜሪካው የብረት ኮድ ነጠላ ማሰሪያን የሚያሰላው ክንፉ ላይ ባለው ግፊት 2 በመቶ ነው። ግፊቱ 50 ቶን ከሆነ ማሰሪያው 1 ቶን ይያዝ። ግን መላወስ የለበትም፤ አቅም ኖሮት የሚለጠጥ ማሰሪያ ዋጋ የለውም።

ጭንቁ የት እንደሚታሰር ነው። ሶሌታው (ከቢሙ በላይ ያለው የፎቅ ወለል) ሙሉ አርማታ ከሆነ የላይኛውን ክንፍ በኬሚካል አንከር (አርማታ ውስጥ በማጣበቂያ በሚተከል ቡሎን) ማያያዝ ይበቃል። ሶሌታው ብረቱ ላይ ስላረፈ ብቻ ግን ታስሯል አይባልም። ባለ ብሎኬት ሶሌታ ላይ አንከሩ ባዶ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እኔ አላምነውም። ያኔ ኤችኢኤውን እመርጣለሁ። ቢሙ በድጋፉ ላይ አልፎ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ድጋፉ ጋ የሚጨመቀው የታችኛው ክንፍ ነው። ሶሌታው እዚያ አይደርስለትም፤ ከጎን ቢም የሚመጣ አንግል ብረት ያስፈልጋል።

ሁለት ቢም ጎን ለጎን ማድረግም አለ። ምሰሶውን ከግራና ቀኝ አቅፎ ስለሚገባ ለሥራ ይመቻል። ግን በቀጭን ላሜራ ብቻ ካያያዟቸው ሁለቱም አብረው ይጋደማሉ። መሃላቸው የሚገባው ብረት የቢሙን ቁመት ሊሞላ የተቃረበ ይሁን። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) መጠምዘዝን ይቋቋማል፤ ከላይ ያለው ምሰሶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን የቱቦላሬው ግድግዳ እንዳይጎብጥ መጠናከር አለበት።

ሰፊው ተመረጠም ጠባቡ፣ ከላይ ምሰሶ የሚያርፍበት ነጥብ ይታሰር። መጠኑን መሐንዲስ ያስላ፤ ማሰሪያውም ሥዕሉ ላይ ከነቡሎኑ ይታይ። ቡሎኑ ሳይጠብቅ ጭነቱን ለጊዜው የያዘው ጃክ አይነሳ።