ስልክ ደውለው «ውሃህ ተንኗል» ላሉኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ የመመረቂያ ጽሁፌን ያስገባሁ ቀን ነበር። ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ለጥናቴ የዝናብና የጉድጓድ ውሃ ቀድቼ 62 ጠርሙስ ወደ አይሶቶፕ ላብራቶሪ ላክሁ። ማወቅ የፈለግሁት የጉድጓዱ ውሃ በየትኛው ወቅት የዘነበ እንደሆነ ነው። ፍንጩ ያለው በውሃው ከባድ አይሶቶፖች ላይ ነው (አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር ክብደቱ የተለየ አቶም ነው)፤ ኦክስጅን 18 እና ዲዩተሪየም፣ ማለትም ከባዱ ሃይድሮጅን። ከውሃው ኦክስጅን ውስጥ ኦክስጅን 18 የሚሆነው 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ላብራቶሪው የሚለካው እንግዲህ የዚህችን ትንሽ ነገር ልዩነት ነው፤ ያውም ከሺህ እያሰላ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ውጤት ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ።

«31ኛውን ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተኸው ነበር?» አሉኝ የላብራቶሪው ባለሙያ።

እኔ እንጃ! ኋላ ሳስታውስ ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የቀዳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሃርሞን ክሬግ የተባለ ሳይንቲስት የሁለቱ አይሶቶፖች መጠን በግራፍ ሲቀመጥ የዓለም ዝናብ በአብዛኛው አንድ መስመር ላይ እንደሚሰለፍ አሳየ። የሃይድሮጅኑ ዴልታ (የከባዱ አይሶቶፕ መጠን ከመመዘኛ ውሃ ያለው ልዩነት፣ ከሺህ ተሰልቶ) የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲደመር 10 ነው። ውሃ ሲተን ግን ቀላሉ ቀድሞ ይሄድና ከባዱ ይቀራል። የናሙናው ነጥብም ከመስመሩ በታች ይወርዳል። የእኔ አራት ጠርሙሶች ወርደው ነበር። ቁጥሩን ብቻ ቢልኩልኝ ኖሮ፣ እውነቱን ልናገር፣ «ውሃው ወደ መሬት ከመስረጉ በፊት ተንኗል» ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እጽፍበት ነበር።

እሳቸው ግን ክዳኑን ጠረጠሩ። አራቱም ክዳኖች ላልተው ተገኙ። በዚያው ቀን ከዚያው ጉድጓድ የቀዳሁት ሌላ ጠርሙስ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ለሦስቱ ነበረኝ። ተለኩ፣ መስመሩ ላይ ቁጭ አሉ። አራተኛውን ከመረጃዬ አወጣሁት።

በኋላ ሄጄ ሥራቸውን አየሁ። እያንዳንዱን ናሙና ስድስት ጊዜ በመርፌ ያስገባሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ንባቦች ይጥላሉ። ማሽኑ ውስጥ ያለፈው ናሙና ርዝራዥ ስለሚቀር ነው። በየመሃሉ ደግሞ ዴልታው የታወቀ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ ውሃ ያስገባሉ። እሱም የሚስተካከለው በቪየናው የውቅያኖስ ውሃ ስታንዳርድ ነው። የዚያን ቀን መቆጣጠሪያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለነበር የጠዋቱን ሥራ በሙሉ እንደገና ጀመሩት። ማንም አላዘዛቸውም።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስለክቼ የደረሰኝ ቁጥር ብቻ የሰፈረበት ሰንጠረዥ ነበር። የስህተቱ መጠን ስንት ነው? በየትኛው ስታንዳርድ ነው የተስተካከለው? ብዬ ብጠይቅ፣ ጭጭ። ስለዚህ ናሙና የምትልኩ ሰዎች፣ ከዋጋው በፊት እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

የባለሙያውን ስም እዚህ አልጽፍም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብለው ከልክለውኛል። ላብራቶሪውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ለእርስዎ ደግሞ፦ በጣም አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ዙር ናሙና ሰኞ ይደርስዎታል። ሁሉንም እስከ አፋቸው ሞልቻቸዋለሁ፣ ክዳናቸውንም ሁለቴ አጥብቄያለሁ።