ቀይ ክር ያለው መቁጠሪያ፦ ደሴ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለች ሱቅ

ነርስ ነኝ። ደሴ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሌሊት እሠራለሁ። መቁጠሪያዬ ከጋውኔ ኪስ አይለይም። ባለ 41 ነው፤ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" የምልበት። በእመቤታችን ዕድሜ ልክ 64 ፍሬ ያለውን ደግሞ ቤት ነው የማስቀምጠው።

ባለ 41ዱን መጀመሪያ የገዛሁት ከሌላ ቦታ ነበር፤ ክሩ ስስ ናይለን ነበር። በጥቅምት ብርድ፣ አንድ ሌሊት ግሉኮስ ልቀይር እጄን ከኪሴ ሳወጣ በጠስ አለ። ፍሬዎቹ አልጋ ስር ሁሉ ገቡ። አስታማሚዎች በስልካቸው መብራት እየለቀሙ ሰጡኝ። አንዲት ሙስሊም እናት ብቻቸውን አምስት ፍሬ አወጡልኝ። "እኛም ሙስበሃ አለን እኮ፤ ሲጎድል ያስጨንቃል" አሉኝ። 39 ተገኘ፣ ሁለቱ ቀሩ።

ጠዋት በቀጥታ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ናት። ታፔላ የላትም፤ በሩ ላይ በተሰቀሉት መቁጠሪያዎች ትለዩዋታላችሁ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ነጠላና የጸሎት መጻሕፍትም አሉ።

ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። "ቁጭ በይ ልጄ፣ እንቅልፍ አላየሽም" አሉኝ። ወፍራም የጥጥ ክር አወጡና በጧፍ ቁራጭ ደጋግመው አሹት፤ ሰሙን እስኪጠጣ። ከዚያ አንድ ፍሬ ያስገባሉ፣ ይቋጥራሉ። አንድ ፍሬ፣ አንድ ቋጠሮ። ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይበተንም ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፤ አንዴም አልተቻኮሉም።

በመሀል "የት ነው የምትጸልዪበት?" ብለው ጠየቁኝ። ሲከብደኝ የኖረውን ነገርኳቸው። "41 ጨርሼ አላውቅም ጋሼ። ሃያ ላይ ስደርስ 'ሲስተር!' ይሉኛል። ስመለስ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንዳንዴ የጠራኝን ሰው በልቤ እቀየመዋለሁ።" ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና አልተናገርኩትም ነበር።

መልስ አልሰጡኝም። ከመሳቢያ ቀይ ክር መዘው ትንሽ ቀለበት ሠሩና መቁጠሪያው ላይ አጠለቋት። ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ትሻገራለች፤ ያቆሟት ቦታ ትቆያለች። "ሲጠሩሽ እዚህ ትተሻት ሂጂ። ጸሎቱ ይጠብቅሻል፣ በሽተኛው ግን አይችልም" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አገልግሎት ሲባል ማኅሌትና መዝሙር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽንት መቀበያ ማመላለስን በዚያ ቆጥሬው አላውቅም። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመኑን እግር ሲያጥቡ አያለሁ፤ ጉልባኔን በልቼ እመለሳለሁ። ጌታ በዚያች ሌሊት ከእራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ወደ ጌቴሴማኒ ወርዶ በጉልበቱ ተንበርክኮ የጸለየው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ነው የሆኑት። ይህን ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼ፣ የገባኝ ግን እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ለጥገናው 80 ብር ከፈልኩ፤ ለቀዩ ክር አልተቀበሉኝም። የተተኩት ሁለት ፍሬዎች ከሌሎቹ ይጠቁራሉ፣ ትንሽም ይወፍራሉ። አንድ ዓይነት መልክ ለሚፈልግ ሰው ደስ አይልም። እኔ ወድጃቸዋለሁ፤ በጨለማ ጣቴ ያውቃቸዋል። እነሱ ላይ ስደርስ የዚያን ሌሊት በሽተኞች ስም እጠራለሁ። ሰሙ ከሳኒታይዘር ጋር አይስማማም። በሁለት ሳምንት ክሩ ሻከር አለብኝ፤ አሁን አልፎ አልፎ በጧፍ አሸዋለሁ። ሱቋ ጨለም ትላለች፣ ጥሬ ብር ይዛችሁ ሂዱ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ለሠርክ ጸሎት ስለሚዘጉ አታምሹ።

ትናንት ሌሊት 17 ላይ ነበርኩ። አንድ አባት ውሃ ፈለጉ። ከእሳቸው ሌላ ሰው ተጣራ፣ ከዚያም ሌላ። ነግቶ ኪሴን ስዳስስ ቀዩ ክር እዚያው 17 ላይ ነው። የቀረውን 24 ከሆስፒታሉ በር እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ ጨረስኩት።